ሞስፌቱ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ይቃጠል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴና በኮምቦልቻ ኤሌክትሮኒክስ የሚማሩ ወጣቶች ከሶላር ባትሪ 12 ቮልት ወስዶ 5 ቮልት የሚያወጣ የስልክ ቻርጀር ለመመረቂያ ሥራቸው መምረጥ ይወዳሉ። ምርጫው ጥሩ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማም፣ መስመር ባልደረሰበት ገጠርም ይፈለጋል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌሽን (ሰርኪቱን በስሌት በማስመሰል) ቀጥ ያለ 5 ቮልት ያሳየው ሰርኪት በካውያ ከተበየደ በኋላ ሞስፌቱ፣ ማለትም እንደ ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ትራንዚስተር፣ ይግላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይጨሳል። ያኔ «ሲሙሌሽን ከስክሪን አያልፍም» ተብሎ ይተዋል። የተቃጠለውን ለመተካት ደግሞ ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለ ሰው መለመን ነው።

በዚህ አባባል አንስማማም። ፕሮግራሙ ያሰላው የተነገረውን ነው። እንከን የሌለበት ዳዮድ፣ እንከን የሌለበት ካፓሲተር ከተሰጠው እንከን የሌለበት መልስ ይመልሳል። በዚያው ቻርጀር እናሳይ። ኤልቲስፓይስ በነጻ የሚወርድ የሰርኪት ሲሙሌሽን ፕሮግራም ነው፤ አንዴ ከተጫነ ለማስላት ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ፍሪኩዌንሲው 100 ኪሎ ኸርዝ፣ ኢንዳክተሩ 47 ማይክሮ ሄንሪ፣ የመውጫው ካፓሲተር 100 ማይክሮ ፋራድ፣ ጭነቱ 2.5 ኦም ይሁን፤ ማለትም 2 አምፔር የሚወስድ። ዲዩቲ ሳይክሉ 5 ለ12 ሲካፈል 41.7 በመቶ ነው፤ ሞስፌቱ በየ10 ማይክሮ ሰከንዱ ዙር ለ4.17 ማይክሮ ሰከንድ ይበራል። እስከዚህ የመማሪያ መጽሐፍ ነው።

አሁን ዳዮዱ፤ ሞስፌቱ ሲጠፋ የኢንዳክተሩን ከረንት የሚያስተላልፈው ክፍል። ፕሮግራሙ ውስጥ ስም ሳይሰጠው የሚቀመጥ ዳዮድ በቅጽበት ይዘጋል። ብዙዎች ግን ገበያ ወጥተው የሚገዙት በየሱቁ የማይጠፋውን 1ኤን4007 ነው። እሱ የተሠራው ለ50 ኸርዝ የመብራት ሞገድ ነው፤ የሚሸከመውም 1 አምፔር ብቻ ነው። ሞስፌቱ ሲበራ ዳዮዱ ገና አልተዘጋም፤ በዚያች ቅጽበት ባትሪው በሁለቱ በኩል በቀጥታ ወደ መሬት ይፈስሳል። ሞስፌቱ የሚግልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። 3 አምፔርና 40 ቮልት የሚችለው ሾትኪ የተባለው ፈጣን ዳዮድ፣ 1ኤን5822፣ ይህ ጣጣ የለበትም። እሱም ቢሆን 0.45 ቮልት ያህል ይበላል። ኢንዳክተሩ ላይ የሽቦውን 0.1 ኦም ስትጨምሩበት ያ 5 ቮልት ወደ 4.5 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ስልኩ «ቀስ ብሎ እየሞላ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። ይህን አንዲት ሽቦ ሳይበየድ ማየት ይቻላል።

ትልቁ ማሳሳቻ ግን ጌቱ፣ ማለትም ሞስፌቱን የሚያበራና የሚያጠፋው እግር፣ ላይ ነው። ተማሪው በጌቱና በሶርሱ (ከረንቱ በሚወጣበት እግር) መካከል 10 ቮልት የሚሰጥ ምንጭ ያስቀምጣል፤ ሁሉም ያምራል። ጠረጴዛው ላይ ግን እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ፣ ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ምንጭ የለም። አርዱይኖ የሚባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ አለ፤ መሬቱ ከባትሪው መሬት ጋር አንድ ነው፣ የሚሰጠውም 5 ቮልትና 20 ሚሊ አምፔር ያህል ነው። ሞስፌቱ ሲበራ ሶርሱ ወደ 12 ቮልት ስለሚወጣ፣ ጌቱ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት 22 ቮልት ድረስ መውጣት ይኖርበታል። በየጥገና ቤቱ የሚገኘው አይአርኤፍዜድ44ኤን ደግሞ ጌቱ እስከ 10 ቮልት እንዲሞላ እስከ 63 ናኖ ኩሎምብ ይፈልጋል። ይህን በ20 ሚሊ አምፔር ለመሙላት 3 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከ10 ማይክሮ ሰከንዱ ሦስቱ በግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ መጋል ነው። ስለዚህ ሲሙሌሽኑም ጌቱን ከመሬት ይንዳው፤ ምንጩ ፊት 250 ኦም (5 ቮልት ለ20 ሚሊ አምፔር ሲካፈል) ይቀመጥ፤ ሰርኪቱ ሲወድቅ ይታይ። ከዚያ በኋላ ጌቱን የሚነዳ እንደ አይአር2104 ያለ ድራይቨርና የጌቱን ቮልቴጅ ከባትሪው በላይ የሚያነሳ ቡትስትራፕ ካፓሲተር ለምን እንደሚያስፈልግ ተማሪው ራሱ ይናገራል።

ካፓሲተሩ አጭር ነገር ነው፤ ቢሆንም ቁጥሩ ይናገራል። የኢንዳክተሩ ከረንት በየዙሩ 0.62 አምፔር ይወጣል ይወርዳል። ንጹሕ 100 ማይክሮ ፋራድ ላይ ይህ 8 ሚሊ ቮልት የማይሞላ ሪፕል (የቮልቴጅ መዋዠቅ) ነው። ርካሹ ኤሌክትሮሊቲክ በውስጡ 0.3 ኦም ካለው ግን ወደ 190 ሚሊ ቮልት ይደርሳል። ካፓሲተሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ የውስጥ ሬዚስታንሱን መሙላት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ኢንዳክተሩም በፕሮግራሙ ውስጥ ልክ አያውቅም፤ 100 አምፔር ቢያልፍበት 47 ማይክሮ ሄንሪ እንደሆነ ይቀራል። እውነተኛው ኮር ግን ከረንቱ ሲበዛ ሳቹሬት ያደርጋል፤ ማለትም ኢንዳክታንሱን ያጣል። ሰርኪቱ ከባዶ ካፓሲተር፣ ከመጀመሪያው ቅጽበት በ41.7 በመቶ ዲዩቲ ሲነሳ የመጀመሪያው ከረንት፣ እንደ ክፍሎቹ፣ ከ5 እስከ 7 አምፔር ይዘልላል። የተገዛው ኢንዳክተር የ3 አምፔር ከሆነ በዚያች ቅጽበት ከተራ ሽቦ አይሻልም። ስለዚህ የተረጋጋውን ሞገድ ብቻ አጉልቶ ማየት አይበቃም፤ የመጀመሪያዋን 1 ሚሊ ሰከንድ እዩ፤ ዲዩቲው ቀስ ብሎ እንዲነሳም አድርጉ። ባትሪውንም 12 ላይ ብቻ አትተዉት፤ ሲደክም 10.8፣ ሲሞላ 14.4 ቮልት ላይ አስሉ።

ስሌቱ ራሱ ሲያስቸግር፦ ትልቁ የጊዜ እርምጃ ከአንድ ዙር መቶኛ፣ እዚህ 100 ናኖ ሰከንድ፣ አይብለጥ። ጌቱን የሚያበራው ምት ከዜሮ ወደ ላይ በዜሮ ጊዜ አይውጣ፤ 20 ናኖ ሰከንድ ስጡት። «የጊዜ እርምጃው በጣም አነሰ» ብሎ ሲቆም መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ያው የተረሳው እውነት ነው፤ ለዳዮዱ ትክክለኛ ሞዴል፣ ለኢንዳክተሩ ሬዚስታንስ መስጠት።

ከ220 ቮልት በቀጥታ የሚነሳ ፍላይባክ (በትራንስፎርመር የሚሠራ ቻርጀር) ለሚሞክሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሬክቲፋይ ሲደረግ (ወደ ዲሲ ሲቀየር) 311 ቮልት ይሆናል፤ ይህ ገዳይ ነው፤ ያለ መምህር አይነካ። ስክሪን ላይ ሲሠራ ደግሞ የትራንስፎርመሩ ሁለተኛ ወገን ተንሳፎ ስለሚቀር ከመሬት ጋር በ1 ሜጋ ኦም ማያያዝ ያስፈልጋል። እዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል፦ ኤልቲስፓይስ ኤም የሚለውን ፊደል፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሚሊ ብሎ ነው የሚያነበው። ሜጋ ለማለት «Meg» ተብሎ በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል። አለዚያ ሁለቱ ወገኖች በ1 ሚሊ ኦም ተገናኙ ማለት ነው። የጥምዝ ብዛቱ 10 ለ1 ከሆነ ኢንዳክታንሱ 100 ለ1 ነው። በሁለቱ ጥምዞች መካከል ያለውን ትስስርም 1 አታድርጉት። 0.98 ብትሉት፣ የመጀመሪያው ጥምዝ 1 ሚሊ ሄንሪ ከሆነ፣ 40 ማይክሮ ሄንሪ ያህል ሊኬጅ (ኃይሉን ወደ ሁለተኛው ጥምዝ የማያስተላልፍ ኢንዳክታንስ) ይወጣል። በ1 አምፔርና በ100 ኪሎ ኸርዝ ይህ 2 ዋት ነው፤ የሚይዘው ስናበር የሚባል መከላከያ ሰርኪት ከሌለ ሞስፌቱ ላይ ያርፋል።

ፕሮግራሙ የማያውቀው የእኛው አገር ነገርም አለ። ኦልት ቁልፍን ተጭኖ ዳዮዱን ጠቅ ማድረግ የሚበላውን ዋት ያሳያል፤ በእኛ ምሳሌ ግማሽ ዋት ያህል። ሙቀቱን የሚወስደው አየር ግን ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በባሕር ጠለል አየር የተለካ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወግድ ብረት) ጦሳ ተራራ ሥር ላይበቃ ይችላል፤ ሰፋ ይበል።

የምንጠይቀው ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ለመመረቂያ ሥራ ገምጋሚዎች ነው። የተበየደውን ቦርድ ብቻ አትቀበሉ። ተማሪው የሲሙሌሽን ፋይሉን ከእነ ዳዮዱ ስም፣ ከእነ ካፓሲተሩ ኦም፣ ከእነ ጌት ድራይቨሩ ይክፈት፤ በኦሲሎስኮፕ (ሞገድ በሚያሳይ መለኪያ) የለካውን ሪፕልና የመነሻ ከረንት ከጎኑ ያስቀምጥ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ ለምን እንዳልተገናኙ ይጠየቅ፤ ነጥቡም ለዚያ መልስ ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
በኮምቦልቻ የፓወር ኤሌክትሮኒክስ ሙያተኞች