እምቢ ያለ ሻጭ ለምን አይቀጣም?

ክቡር አዘጋጅ፣

የዓመቱን መጨረሻ ቅናሽ አስመልክቶ ያወጣችሁትን የገበያ ምክር አነበብኩት። ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና ስልክ ለሚገዙ ወገኖች ከተሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ ደህና ናቸው። አንዱ ግን ዝም ብዬ የማልፈው አልሆነም። ጸሐፊው «ዕቃው ዓመት ካለፈው በኋላ ቢበላሽ የምትጠይቁት ስለሌለ ተጨማሪ ዋራንቲ ግዙ» ብለዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ እውነት አይደለም። እውነት አለመሆኑን ሻጮቹም አሳምረው ያውቃሉ፤ ተጨማሪውን ዋራንቲ የሚሸጡልን እኛ አናውቅም ብለው ነው።

ሜልበርን ውስጥ የምተዳደረው በኮምፒውተር ሙያ ነው። አንድ ሰው በማኅበረሰባችን ውስጥ «አይቲ ነው የሚሠራው» ከተባለ ዕጣ ፈንታው የታወቀ ነው፤ በሰርግም፣ በልቅሶም፣ በክርስትናም አንድ የማይበራ ስልክ ወይም አንድ የማይነሳ ላፕቶፕ አያጣም። ቅር አይለኝም፤ ሽሮው እስኪደርስ ያዝናናኛል። የምበሳጨው «ከየት ነው የተገዛው? መቼ? በስንት?» ብዬ ስጠይቅ ነው። መልሱ ሁሌም «ተወው ባክህ፣ ዋራንቲው አልፏል» ነው። ዕቃው ገና አዲስ ነው፤ ባለቤቱ ግን ተስፋ ቆርጧል።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮ የሚሠራበት የአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ብሎ ገደብ አላበጀም። ዕቃው ተቀባይነት ያለው ጥራት ይኑረው ነው የሚለው። ያ ጥራት የሚለካውም በዕቃው ዓይነት፣ በዋጋው፣ በካርቶኑ ላይ በተጻፈውና ሻጩ በተናገረው ነው። ስለዚህ 2,500 ዶላር ከተከፈለበት ቴሌቪዥንና 250 ዶላር ከተከፈለበት እኩል ዕድሜ አይጠበቅም። ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ገንዘቤ ይመለስልኝ ወይም ይለወጥልኝ ብሎ የሚመርጠው ገዢው ነው። ቀላል ከሆነ ሻጩ ጠግኖ ሊያስረክብ ይችላል። ተጠያቂው የሸጠው ሱቅ በመሆኑ «አምራቹ ጋ ደውሉ» ብሎ መሸኘት አይፈቀድለትም። በስጦታ የተቀበለ ሰው እንኳ ራሱ እንደገዛ ተቆጥሮ መጠየቅ ይችላል። ይህን መብት ደግሞ ማንም ሻጭ በውል ሊያስቀረው አይችልም።

ማመን የከበደው ሰው ካርቶኑን ይክፈት። አምራቹ ከዕቃው ጋር በሚያስቀምጠው የዋራንቲ ወረቀት ላይ፣ ዕቃው በአውስትራሊያ ሕግ ሊቀር የማይችል መብት እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲታተም ሕጉ ያስገድዳል። በደቃቃ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ብዙዎቻችንም ወረቀቱን ከስፖንጁና ከፕላስቲኩ ጋር ጠቅልለን እንጥለዋለን።

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። «12 ወር» የሚለው የዋራንቲ ቁጥር ዕቃው የሚኖርበት ዕድሜ አይደለም፤ አምራቹ በራሱ ፈቃድ ቃል የሚገባበት ጊዜ ነው። በ14ኛው ወር የሚሞት ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ያረጀ ማዘርቦርድ አይባልም፤ ሲሠራ ወይም ሲገጠም ጉድለት ነበረበት ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። የስልክ ባትሪ ከአጠቃቀም ብዛት ቀስ በቀስ መድከሙ ያለ ነው፣ ያበጠ ባትሪ ግን ጉድለት ነው። በሌላ በኩል ውኃ ውስጥ የወደቀውን፣ ሕፃን የተቀመጠበትን፣ ከመኪና ጣሪያ ላይ የበረረውን ስልክ ይዞ «ራሱ ነው የቆመው» የሚል ደንበኛም አለ። እኔ ዘንድም ይመጣል። ስልክ ውስጥ እርጥበት ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ትንሽ ምልክት ስላለ ውሸቱ ብዙ አይራመድም።

ምክሩን ከጻፉት ሰው ጋር በዚህ ብቻ አልጣላም ነበር። ሕጉን አለማወቅ የብዙዎቻችን ችግር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሕጉን ማወቁም ብዙ ጊዜ በቂ አለመሆኑ ነው።

በምዕራብ ሜልበርን የሚኖሩ አንዲት እናት፣ እትዬ ብዬ የምጠራቸው፣ ልጆቻቸው አዋጥተው የገዙላቸው ቴሌቪዥን ከዓመት ትንሽ አለፍ ሲለው ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ አረንጓዴ መስመር አወጣ። ሱቁ ዘንድ ሄደው ነበር። «ዋራንቲው ስላለቀ የምናደርገው የለም፣ አምራቹን ጠይቁ» ተባሉ፤ አምራቹ ደግሞ የገዙበትን ሱቅ ይጠይቁ አላቸው። በሌላ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ደረሰኙ እንደ ፋክስ ወረቀት ዓይነት ስለነበር ጽሑፉ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። ደግነቱ ልጃቸው በስልኳ ፎቶ አንስታው ኖሯል። ባንኮኒው ላይ ያለው ወጣት የተለመደውን ደገመ። የሸማቾች ሕጉን በስሙ ጠርቼ፣ ጉድለቱ ከባድ መሆኑንና ምርጫው የእሳቸው መሆኑን ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ስልክ አንስቶ አለቃውን ጠራ፣ አለቃውም ኮምፒውተሩን ጥቂት ነካካና «ሕጉ ስላስገደደን አይደለም፣ ለበጎ ፈቃድ ብለን እንለውጥላችኋለን» አለ። እትዬ በአማርኛ መረቁት፤ «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ ተባረክ» አሉት። የገዛ መብታቸውን ተሰጥተው መርቀው ወጡ! መኪና ውስጥ ላስረዳቸው ብሞክር «ተው እንጂ፣ ጥሩ ልጅ ነው» ብለው ገሠጹኝ።

የዚያ ሰውዬ «በጎ ፈቃድ» ዝም ብሎ የመጣ አነጋገር አይመስለኝም። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በፍርድ ቤት ያሸነፋቸውን ጉዳዮች የተከታተለ ሰው ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

አፕል በ2018 በፌዴራል ፍርድ ቤት 9 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። «ኤረር 53» የሚል መልእክት አሳይተው ድርቅ ብለው የቀሩ አይፎንና አይፓዶች ነበሩ። ለባለቤቶቹ፣ ስልኩን ሌላ ጠጋኝ ስለነካው መብት የላችሁም ተባለ፤ እንዲህ የተባሉት ቢያንስ 275 ሰዎች ናቸው። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት መደብሩ ጌም የሚሸጠው ቫልቭ በ2016 3 ሚሊዮን ተቀጣ። መከራከሪያው፣ እኔ ያለሁት አሜሪካ ስለሆነ የአውስትራሊያ ሕግ አይመለከተኝም የሚል ነበር፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አካውንቶች እዚህ አገር እያሉት! ሶኒ በፕሌይስቴሽን መደብሩ የተነሣ በ2020 3.5 ሚሊዮን፣ እጅ ላይ የሚታሰር የእንቅስቃሴ መለኪያ የሚሸጠው ፊትቢት በ2023 11 ሚሊዮን ከፍለዋል።

እነዚህ ሁሉ የተቀጡት ደንበኛውን ስላሳሳቱ ነው፤ መብት እያለው የለህም ስላሉት። ዕቃውን አልለውጥም፣ ገንዘቡን አልመልስም በማለት ብቻ አልተቀጡም፤ ምክንያቱም ክቡር አዘጋጅ፣ በሕጉ አነሳስ ዋሽቶ መከልከል እንጂ ዝም ብሎ መከልከል መቀጮ አልተቆረጠለትም። የኤልጂን ጉዳይ ተመልከቱ። ኮሚሽኑ በቴሌቪዥን ጉድለቶች ምክንያት ከሶት በ2017 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት፤ ኩባንያው ስለ ሸማቾች ሕግ ለደንበኛው በራሱ አንስቶ የመንገር ግዴታ የለበትም ብለው። በማግስቱ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ችሎት ያሻሻለው በከፊል ነው፤ በጥሪ ማዕከሉ በኩል ለደንበኞች የተነገሩ ሁለት ነገሮችን ብቻ አሳሳች ሆነው አገኛቸው። እንግዲህ የትልልቅ መደብሮች የሕግ ክፍሎች ከዚህ ምን እንደተማሩ መገመት ቀላል ነው። አትዋሽ፣ ግን አትንገር። ቢጨቀጭቅህ በበጎ ፈቃድ ስጠው።

የማይጨቀጭቀው ታዲያ ማን ነው? እንግሊዝኛው የማይፈስለት፣ በመጋዘንና በአረጋውያን መንከባከቢያ በፈረቃ የሚሠራ፣ አንድ ቀን ከሥራ ቢቀር ኪራዩ የሚጎድልበት ሰው ነው። በወረቀት ደረጃ ቪካት ወደሚባለው የቪክቶሪያ ትሪቡናል መሄድ ይችላል። ለ600 ዶላር ማጠቢያ ማሽን ግን የማመልከቻ ክፍያ ከፍሎ፣ ማስረጃ አሰባስቦ፣ ቀጠሮ ጠብቆ የሚከራከር ጥቂት ነው። ኮሚሽኑም የግለሰቦችን ጉዳይ አንድ በአንድ ይዞ አይከራከርም። ስለዚህ ሻጩ አሥር ሰው ከልክሎ አንዱ ብቻ ቢመለስበት፣ ለዚያ ለአንዱ ይለውጥለታል፤ የዘጠኙ ትርፍ ነው። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም።

በቴሌኮም ዘርፍ ግን ነገሩ ይለያል። ከስልክ ወይም ከኢንተርኔት ኩባንያ ጋር ያልተስማማ ደንበኛ ለቴሌኮሙኒኬሽን እንባ ጠባቂው በነጻ ማመልከት ይችላል፤ አቤቱታው የሚታይበትን ወጪ የሚሸፍነው ኩባንያው ነው። «ነገ እንባ ጠባቂው ጋ እሄዳለሁ» ያለ ሰው በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ እንዴት እንደሚለሰልስ ያውቃል። ኩባንያዎቹ ከሌሎቹ ነጋዴዎች ስለሚሻሉ አይደለም፣ ጥፋታቸው እየተደራረበ በየጊዜው ዜና ሲሆን አይተናል። እምቢ ማለት ስለሚያስከፍላቸው ነው።

የፌዴራሉ ትሬዠሪ (የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ) በ2024 መገባደጃ ላይ፣ መብት ያለውን ሸማች ለሚከለክሉ ነጋዴዎች መቀጮ ስለማበጀት ሕዝብ አማክሮ ነበር። ከዚያ ውስጥ እኔ አጥብቄ የምፈልገው በሚሊዮን የሚቆጠረውን ቅጣት አይደለም፤ እሱ ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ነው። እንደ መኪና ማቆሚያ ቅጣት ትንሽ፣ ፈጣንና ደጋግሞ የሚመጣ ይሁን። ሱቁ በሳምንቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ ይየው።

በሜልበርን ሰፈሮች፣ ፉትስክሬይም ሆነ ሰንሻይን፣ ትንሽ የስልክ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን «ይህማ እኛን ነው የሚገድለው» ይሉኛል፤ ተነጋግረንበታልም። ስጋታቸው እውነት አለው። ሕጉ ሻጩ ለደንበኛው የከፈለውን ከአምራቹ እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል፣ ትንሹ ነጋዴ ግን ዕቃ የሚያቀርብለትን ኩባንያ ደፍሮ አይጠይቅም። ለዚህ ነው ምክክሩ አምራቾችን ጭምር መንካቱ ተገቢ የሆነው፤ ነጋዴዎቻችንም በቅጣቱ ላይ ከመጮህ ይልቅ በዚህኛው ክፍል ላይ ድምፃቸውን ቢያሰሙ ይበጃቸዋል።

ሕጉ የማይደርስበትም ስላለ አንባቢ እንዳይሳሳት። ከግለሰብ፣ ለምሳሌ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ፣ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ይህ የጥራት መብት የለውም። ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ስልክም እንደዚያው ነው። በሻንጣ የመጣ ስልክ ሌላም ጣጣ አለበት፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የ3ጂ ኔትዎርክ ሲዘጋ፣ በ4ጂ ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው ቁጥር 000 መደወል የማይችሉ ስልኮችን ኩባንያዎቹ እንዲያግዱ ተደንግጓል።

ጋዜጣችሁ ምክሩን ቢያርመው ደስ ይለኛል። ባያርመው እንኳ በሚቀጥለው እትም የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱንና የእንባ ጠባቂውን አድራሻ፣ እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸውም የመንግሥት የአስተርጓሚ አገልግሎት የሆነውን 131 450 አትሙልን። ተጨማሪ ዋራንቲ መግዛት የፈለገ ሰውም መግዛት መብቱ ነው፤ ከመፈረሙ በፊት ግን ሻጩን «ሕጉ አስቀድሞ ከሰጠኝ ላይ ይህ ምን ይጨምርልኛል?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

ከአክብሮት ጋር፣
በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሙያ የሚሠራ አንባቢያችሁ
ሜልበርን፣ አውስትራሊያ