ምርመራው ወራት አይጠብቅም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰው ገድሎ የተያዘ ሰው «ቅሞ ነበር» ወይም «እፅ ወስዶ ነበር» ሲባል ሰፈሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «አብዶ እኮ ነው፤ በምን ይጠየቃል?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ማን ቃም አለው? የእጁን ያግኝ!» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ማንም ስላልመዘገበው ሌሊት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ፖሊሶች አንድ ወጣት በካቴና አስረው አመጡልን። ቀናት እንዳልተኛ ዓይኑ ይመሰክራል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሩን ስንዘጋው ይንቀጠቀጣል፤ ስንከፍተው «ዝጉት፣ እየመጡ ነው!» ይላል። ጎረቤቱ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ሊገድለው ሲዶልት በጆሮው እንደሰማ እየማለ ነገረን። በቢላ የወጋው ያንኑ ጎረቤቱን ነበር። ሰውየው ሳይነጋ አረፈ። በዘጠነኛው ቀን ልጁ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ «ሲስተር፣ እማዬ ሰምታለች?» አለኝ።

የአእምሮ ምርመራ የታዘዘለት ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ደህና ሰው ሆኗል። ሽንቱ ስላልተመረመረ ጫት ብቻ ይሁን ሌላም ነገር ይኑርበት አልታወቀም። ለሐኪሞቹ የቀረላቸው የእኛ የዚያ ሌሊት ማስታወሻ ብቻ ነበር። እሱም የተገኘው አንድ አስተዋይ ፖሊስ ከጣቢያ በፊት ወደ እኛ ይዞት ስለመጣ ነው።

እንደ ጫት ያለ አነቃቂ እፅ የሚያመጣው የአእምሮ መቃወስ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቃል። በሽንት ውስጥ ያለው ምልክት በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ደግሞም ምርቃና ሁሉ እብደት አይደለም። ቅሞ መቆጣትና የሌለ ድምፅ መስማት ለየቅል ናቸው። ይህን መለየት የሚችል ሰው በሰዓቱ ካላየው በኋላ የሚባለው ግምት ነው።

ሕጋችን መልስ አጥቶ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 በአእምሮ መታወክ የሚያደርገውን ማወቅ ያልቻለን ሰው ከቅጣት ነጻ ያደርገዋል። አንቀጽ 50 ግን ይህን በር ለሁሉም አይከፍትም። ወንጀል ለመሥራት ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው ማምለጫ የለውም። እንዲህ ሆኖ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ማወቅ የነበረበትም በቸልተኝነት ይጠየቃል። ስለዚህ ቢላውን ሲያነሳ ምን አሰበ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ጫቱን ሲገዛስ ምን ያውቅ ነበር? የመጀመሪያው ነው? ወይስ አምናም እንዲሁ ሆኖ፣ ታክሞ፣ «ሁለተኛ እንዳትነካው» ተብሎ ነበር? እነዚህ ሁለት ሰዎች እኩል ጥፋተኛ አይደሉም።

ፈረንሳዮች ይህን ጥያቄ በመራራ መንገድ ተጋፍጠውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓሪስ ውስጥ ሣራ ሃሊሚ የተባሉ የ65 ዓመት አይሁዳዊት ሐኪም ጎረቤታቸው ደብድቦ ከበረንዳቸው ወረወራቸው። ሰውየው ካናቢስ ያጨስ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021 አእምሮውን ስቶ ነበርና አይዳኝም አለ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በጥር 2022 ሕጉ ተሻሻለ።

እኛ አዲስ ሕግ ከመጠየቃችን በፊት ያለውን እንጠቀምበት። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። በዚያው 48 ሰዓት ሽንቱ ይወሰድ፤ የአእምሮ ባለሙያም ይየው። ሐኪም በሌለበት ወረዳ የሠለጠነ ነርስ ይበቃል። የሚናገረውን ቃል በቃል ይጻፍ፤ ተኝቶ እንደሆነ፣ ምን እንደወሰደ፣ ከዚህ በፊት ደርሶበት እንደሆነ ይጠይቅ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የዚያ ሟች እናት ከችሎት ሲወጡ በር ላይ አግኝተውኝ ነበር። «ልጄ፣ ገዳዩ እውነት አብዶ ነበር?» አሉኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ምን ወስዶ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን የምመልሰው አልነበረኝም።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከአዲስ አበባ