ብቻውን ወደ ላጎስ ለሚሄድ ሰው ሙሉው ይነገረው

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ደቡብ ፖርቱጋል የባሕር ዳርቻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አንብቤዋለሁ። አልጋርቭ በሚባለው ክልል ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኘውን ላጎስን፣ ከናይጄሪያዋ ትልቅ ከተማ ጋር ስም የምትጋራውን ትንሿን የባሕር ዳር ከተማ፣ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የምትመች የዕረፍት ቦታ አድርጋችሁ ማቅረባችሁ ትክክል ነው። እኔም ያለ ጓደኛና ያለ አስጎብኚ ሄጄባት ወድጃታለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ፀሐዩን፣ አሸዋውንና የባሕሩን ቀለም አድንቆ በዚያው ማብቃቱ አሳስቦኛል። ከቤተሰቡ ወይም ከወዳጆቹ ጋር የሚሄድ ሰው እሱ ያላወቀውን ሌላው ያውቅለታል፤ ገደል ሥር ሲቀመጥ «ከዚያ ተነሥ» የሚለው፣ ሐውልት አልፎ ሲሄድ «ቆይ፣ ይህ ማን ነው?» ብሎ የሚያስቆመው አያጣም። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ይዞ የሚደርሰው ከመነሣቱ በፊት ያነበበውን ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መንገደኛ የሚጻፍ ጽሑፍ ከሌላው የበለጠ የተሟላ ሊሆን ይገባል ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመልካሙ ልጀምር። ላጎስ መኪና ሳይከራዩ የሚደረስባት ከተማ ናት፤ የኪራዩን ዋጋ የሚካፈለው ሰው ለሌለው መንገደኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአልጋርቭ ባቡር መስመር በምዕራብ በኩል የሚያበቃው እዚያው ነው፤ በፋሮ አውሮፕላን ማረፊያ የገባ ሰው ከፋሮ ከተማ ጣቢያ ተነሥቶ፣ ከሊዝበን የመጣ ደግሞ ቱኔሽ በተባለች ጣቢያ ባቡር ቀይሮ ይደርሳል። ከጣቢያው ወጥቶ የመዝናኛ ጀልባዎች የሚቆሙበትን ወደብ ያልፍና ጀልባ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሣውን የእግረኛ ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ ሻንጣውን እየጎተተ የቤንሳፍሪምን ወንዝ ዳር ይዞ በእግሩ አሮጌዋ ከተማ ይገባል። ባታታ፣ ፒኛኦ፣ ዶና አና፣ ካሚሎ የሚባሉት የባሕር ዳርቻዎች ከአሮጌዋ ከተማ በስተደቡብ ተከታትለው ስለሚገኙ ሁሉንም በእግር ማዳረስ ይቻላል። በፖርቱጋል ከ1864 ጀምሮ የባሕሩ ጠርዝ በሕግ የሕዝብ ይዞታ ስለሆነ ማንም ሰው ጃንጥላና መቀመጫ ሳይከራይ፣ ለኪራይ ከተያዘው ክፍል ውጭ ፎጣውን አሸዋው ላይ አንጥፎ ቢቀመጥ ተነሥ የሚለው የለም። ረጅም ሰዓት በእግሩ መሄድ የሚወድ ደግሞ ከከተማዋ በስተምሥራቅ 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው ሜያ ፕራያ አለለት።

አሁን ጽሑፋችሁ ወደዘለለው ጉዳይ ልግባ። በላጎስ ሁሉም ሰው ፎቶግራፍ የሚያነሣቸው፣ በተለይም ፖንታ ዳ ፒየዳዴ በተባለው ጫፍ ላይ ቅስትና ዋሻ ሠርተው የቆሙት ወርቃማ ገደሎች፣ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ናቸው። ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው በገደሉ ግድግዳ ውስጥ የተጣበቁ የጥንት ዛጎሎችን ያያል፤ ግድግዳውን በጣቱ ሲዳስሰው ቢጫ ደቃቅ አሸዋ እየረገፈ መዳፉ ላይ ይቀራል። የዝናብ ውኃ ከላይ እየሰረገ፣ ማዕበሉ ከታች እየቦረቦረ ያንን ሁሉ ውበት የሠሩት ድንጋዩ እንዲህ የላላ ስለሆነ ነው፤ ገደሉ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚናደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በነሐሴ 2009 ከላጎስ በስተምሥራቅ አልቡፌይራ አጠገብ በሚገኘው የማሪያ ሉይዛ የባሕር ዳርቻ ገደል ተንዶ 5 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህም ቢሆን በቀትር ፀሐይ ጥላ ፍለጋ ገደሉ ሥር የሚተኛው ሰው ብዙ ነው። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ምክር ግልጽ ነው፤ ከገደሉ ሥር ቢያንስ የቁመቱን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ገደሉ 20 ሜትር ከፍታ ካለው 30 ሜትር መራቅ ማለት ነው። በትናንሾቹ የባሕር ዳርቻዎች ያን ያህል ስፋት የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ጥላውን ለድንጋዩ ትቶ ወደ ሰፊው ሜያ ፕራያ መሄድ ይሻላል።

ውኃውም የራሱ ጠባይ አለው። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ በገደሎቹ ጠርዝ ከአንዱ የባሕር ዳርቻ ወደ ሌላው በእግር የሚያሻግር የአሸዋ መንገድ ይከፈታል፤ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋና የቆየው ሰው ከገደልና ከውኃ መካከል ይቀራል። የዕለቱ የሙላትና የሽሽት ሰዓት አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ ጠዋት ያደሩበት ቤት ጠይቆ መውጣት በቂ ነው። አትላንቲክ ሞቃት ባሕር እንዳልሆነም ሊነገር ይገባል፤ አየሩ ቆዳ በሚያቃጥልበት በሐምሌና በነሐሴ እንኳ ውኃው ብዙውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙ አይርቅም። በዋና ወራት የሚሰቀሉት ባንዲራዎች ትርጉማቸው አጭር ነው። አረንጓዴ ሲሰቀል መዋኘት ይቻላል፤ ቢጫ ሲሆን እግርን ማስነከር እንጂ መዋኘት አይፈቀድም፤ ቀይ ሲሆን ወደ ውኃው መግባት ክልክል ነው፤ ሰማያዊና ነጭ ዳማ የተሣለበት ደግሞ ሕይወት አድን ዋናተኛው ለጊዜው ቦታው ላይ እንደሌለ ያስታውቃል። አብሮት የመጣ ሰው ዳር ቆሞ ለሚጠብቀው ይህ የመጨረሻው ባንዲራ ያን ያህል ላያስጨንቀው ይችላል። ብቻውን የመጣ ሰው ግን ያንን ባንዲራ ሲያይ ከውኃው ቢወጣ እመክራለሁ። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 112 ነው።

ስለ ምግቡ ባጭሩ ልበል። ካታፕላና የተባለው፣ ክዳኑ በማጠፊያ በሚገጠም የመዳብ ድስት ውስጥ ዛጎል ካላቸው የባሕር እንስሳትና ከዓሣ የሚሠራው የአልጋርቭ ምግብ በአብዛኛዎቹ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ለሁለት ሰው ነው፤ አንድ ሰው ልክፈልና ብቻዬን ልብላ ቢልም ዋጋውም መጠኑም የሁለት ነው። ለብቻ ተመጋቢ የሚስማማው በምሳ ሰዓት የሚቀርበው የዕለቱ ምግብ ወይም በግማሽ መጠን የሚታዘዘው ነው። ሳርዲን የሚጣፍጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሳይከፈት እንዳለ፣ ደረቅ ጨው ተነስንሶበት ከሰል ላይ ይጠበሳል፤ ከዚያ ቁራሽ ዳቦ ላይ ይቀመጥና ዓሣው ሲያልቅ ስቡን የጠጣው ዳቦ በመጨረሻ ይበላል። ሳይታዘዙ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ዳቦ፣ ወይራና ቅቤ በነጻ እንዳልሆኑ፣ ካልነኳቸው ግን እንደማይከፈልባቸው ማወቅም አላስፈላጊ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝና ብዕር ያስነሣኝ ግን የሚከተለው ነው። ከባሕር ዳርቻው ወደ አሮጌዋ ከተማ የሚመለስ ሰው የኢንፋንቴን አደባባይ ያገኛል። በመካከሉ ፖርቱጋሎች ኤንሪኬ፣ ሌላው ዓለም መርከበኛው ሄንሪ የሚሉት፣ በ1460 የሞተው ልዑል ሐውልት ተቀምጧል። በእሱ ትእዛዝ ይጓዝ የነበረው ጂል ኤያነሽ በ1434 የቦጃዶርን ርእሰ ምድር አልፎ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚወስደውን የባሕር መንገድ የከፈተ ሰው ነው። ጽሑፋችሁ አደባባዩን «ለፎቶግራፍ የሚመች» ብሎት አልፏል። ከዚያው አደባባይ ጥግ፣ ከሐውልቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከሥሩ ቅስቶች ያሉት አንድ ትንሽ ሕንፃ አለ። የባሪያ ገበያ ይባላል፤ ከ2016 ጀምሮም የባሪያ ንግድ ሙዚየም ነው። የአሁኑ ሕንፃ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቢሆንም ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት፣ በነሐሴ 1444 ነው። በዚያ ወር ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የተጋዙ 235 ሰዎች ከመርከብ ወርደው ከከተማዋ በር ውጭ ባለ ሜዳ ላይ ተከፋፈሉ። ክፍፍሉን የጻፈው የዘመኑ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ጸሐፊ የልዑሉ አድናቂ ነበር፤ ያም ሆኖ የሆነውን አልደበቀም። ድርሻው እኩል እንዲሆን አባት ከልጁ፣ ሚስት ከባልዋ፣ ወንድም ከወንድሙ መለየቱን፣ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን አቅፈው መሬት ላይ እየተደፉና እየተደበደቡ አንለቅም ማለታቸውን መዝግቧል። ልዑሉ በፈረስ ተቀምጦ ይመለከት ነበር፤ አንድ አምስተኛ ያህሉ፣ 46 ሰው፣ የእሱ ድርሻ ሆነ።

የእኛ አገር አንባቢ ፖርቱጋልን ይበልጥ የሚያውቃት በ1541 ከክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ ላይ በወረዱት 400 ወታደሮች በኩል ነው፤ ይህም አክብሮት የሚገባው ታሪክ ነው። ሆኖም ሄንሪ መርከበኞቹን ወደ ደቡብ ሲልክ በምሥራቅ አለ የተባለውን ክርስቲያን ንጉሥ፣ ቄስ ዮሐንስ የሚሉትን፣ ወዳጅ አድርጎ የማግኘት ተስፋ እንደነበረው የታወቀ ነው። በኋላ አውሮፓውያን ያንን ንጉሥ የፈለጉት በእኛ ምድር ነበር። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ በዚያ አደባባይ ሲቆም ታሪኩን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ ሊያልፈው የሚችል አይመስለኝም፤ ወዳጅ ተብለን የተፈለግንበትና ሌሎች አፍሪካውያን እንደ ዕቃ የተቆጠሩበት ጉዞ ከአንድ ሰው ትእዛዝ የወጣ ነውና።

በ2009 ደግሞ ከከተማዋ ቅጥር ውጭ የምድር ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ለመሥራት በተደረገ ቁፋሮ ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ ቦታ ከ150 የሚበልጡ አፍሪካውያን አፅም ተገኝቷል። ሕፃናት ነበሩባቸው፤ እጃቸው እንደ ታሰረ የተጣሉ የሚመስሉም ነበሩ። ዛሬ በዚያ ቦታ የመኪና ማቆሚያውና የሚኒ ጎልፍ መጫወቻ ይገኛሉ። ይህን ስጽፍ የላጎስን ሰዎች ለመክሰስ አይደለም፤ ሙዚየሙን የከፈቱት እነሱው ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ያገኘሁት ደግነት ብቻ ነው። ሆኖም አንድ አፍሪካዊ ጋዜጣ ወደዚያች ከተማ ሰው ሲልክ እነዚያን ሰዎች ሳይጠቅስ መቅረት የለበትም።

ከተማዋ ሌላም ብዙ አላት። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ሴባስቲያኦ በ1578 ሞሮኮ ዘምቶ በአልካሰር ኪቢር ሜዳ ላይ በ24 ዓመቱ ሞቷል፤ በ1973 የቆመለት፣ ልጅ እግር የሚያስመስለው ሐውልትም በላጎስ አደባባይ ላይ አለ። ኅዳር 1 ቀን 1755 የመሬት መንቀጥቀጡና የባሕሩ ጎርፍ ብዙውን የከተማዋን ክፍል ስላወደሙት የአልጋርቭ ዋና ከተማነቷ በዚያው አብቅቷል። ከጥፋቱ በኋላ የታደሰው የቅዱስ አንቶኒዮ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ ተራ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ግድግዳው በወርቅ በተለበጠ የእንጨት ቅርፅ ተሸፍኗል። ሰዓቱን ማንም በማይወስንበት ሰው አቅም እነዚህ ሁሉ በአንድ ረፋድ የሚታዩ ናቸው።

ዕረፍት የወጣ ሰው ስለ አደጋና ስለ ሐዘን ማንበብ አይፈልግም የሚል ክርክር ሊነሣ እንደሚችል እገምታለሁ። ዕረፍት ለቅሶ ይሁን አላልኩም። ሙዚየሙን በጠዋት ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢዋኝ ነውር የለበትም፤ እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ፤ ባሕሩም ያማረ ነበር። ነገር ግን አንባቢው ሊያየው ወይም ሊተወው የሚችለው መኖሩን ሲያውቅ ነው። ሳያውቅ ካለፈው እሱ አልመረጠም፤ ጸሐፊው መርጦለታል ማለት ነው።

ስለዚህ ዓምዱ ወደፊት ስለ ባሕር ዳር ከተሞች ሲጽፍ ከሆቴሉና ከአየር ጠባዩ ጎን ለጎን የገደሉን ርቀት፣ የባንዲራዎቹን ትርጉምና የውኃውን ሰዓት በአጭር ሣጥን አድርጎ እንዲያወጣ፣ ለላጎስም በሚቀጥለው ዕትም የኢንፋንቴ አደባባይን ጉዳይ የሚያሟላ ተከታይ ጽሑፍ እንዲመደብ በትሕትና እጠይቃለሁ። ብዙ አንባቢዎቻችሁ ትኬት የሚቆርጡት ከሰኔ በፊት ስለሆነ ጽሑፉ ከዚያ ቀድሞ ቢወጣ ይጠቅማቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ