በሩን ከፀሐይ በፊት ክፈቱልን

ግልጽ ደብዳቤ
ለሃዋይ ግዛት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ፣ የግዛት ፓርኮች ክፍል
ሆኖሉሉ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በር ነው። ስለ ዳይመንድ ሄድ በር። የአገሬው ሰው ሌአሂ የሚለው፣ ከዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ቀና ሲሉ የሚታየው ያ የእሳተ ገሞራ ተራራ በእናንተ ሥር ነው የሚተዳደረው። በሩ በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ፀሐይዋ ደግሞ በራሷ ሰዓት ትወጣለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የሃዋይ ሰዎች ከተማችንን "ዘጠነኛዋ ደሴት" ይሏታል። የደሴቶቹ ኑሮ አልቀመስ ብሏቸው ወደ እኛ የመጡት ብዙ ናቸው። እኛ ሐበሾችም እዚህ ቀላል ቁጥር የለንም፤ ስለዚህ በጉርብትና እንተዋወቃለን። የእንግሊዝኛውን ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛም የጻፍኩት ወገኖቼ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያነቡት ነው።

ሰኔ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጣችና ሆኖሉሉ ይዣት ሄድኩ። ኢንተርኔት ላይ "በአስጎብኚ የሚመራ የንጋት ጉዞ፣ ከአካባቢው ቁርስ ጋር" የሚል ነገር አየሁ። ደስ አለኝ፤ ከፈልኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ አቤቱታዬ ከአንድ ድርጅት በላይ ነው።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሳን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። "ማኅሌት የምንሄድ ነው የመሰለኝ" አለች። ሚኒባሱ መጥቶ ወሰደን፤ ጨለማውን አቋርጠን በሩ ጋ ደረስንና ቆምን። ከፊታችን መኪና፣ ከኋላችን መኪና። ሰማዩ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። ለ12 አሥር ጉዳይ ሲሆን ፀሐይ ወጣች። እኛ የምናየው የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ነው። ልክ በ12 ሰዓት ጠባቂው መጥቶ ከፈተ፤ አንድ ደቂቃ አላሳለፈም። ሰውየው የታዘዘውን ነው የሠራው። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞር አለችና "ወጥታለች እኮ! አሁን ምን ልናይ ነው ተራራ የምንወጣው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መውጣቱን ግን ወጣን። ለነገሩ መንገዱ ግሩም ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1908 ለባሕር ዳር መድፈኞቹ ያሠራው ነው፤ እስከ ጫፉ 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መጀመሪያ ሲሚንቶ ነው፤ ከዚያ ድንጋይና አቧራ፤ ከዚያ 70 ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ፤ ከዚያ ያ 99 ደረጃ። እናቴ ደረጃውን እያረፈች፣ በየማረፊያው "እግዚኦ" እያለች ጨረሰችው። አስጎብኚያችን የሰፈሩ ልጅ ነው። እሷ ስትቆም ይቆማል፤ ስትነሳ ይነሳል። ስለ ምሽጎቹ፣ ስለ ዛፎቹ፣ አያቶቹ ስለነገሩት ሁሉ አወራን። ፀሐይዋን ስላላሳየን ያፈረው እሱ ነው። ምን ያድርግ? ቁልፉ በእሱ እጅ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ስሌቱን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ሃዋይ እንደ ሌላው አሜሪካ በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን ወዲያና ወዲህ አትልም፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ሆኖሉሉ ውስጥ በጁን ወር ፀሐይ የምትወጣው ለ12 አሥር ጉዳይ ገደማ ነው። በጃንዋሪ አጋማሽ ደግሞ 1 ሰዓት ከ10 ገደማ። በ12 የገባ ሰው ጫፍ ለመድረስ፣ ቀልጠፍ ያለ ከሆነ 40 ደቂቃ እንበል። እንግዲህ በዚህ ሂሳብ ንጋትን ከጫፉ ላይ ማየት የሚቻለው ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ ብቻ ነው። በቀረው ዘመን "የንጋት ጉዞ" ብሎ ዳይመንድ ሄድን መሸጥ የሌለ ዕቃ መሸጥ ነው። ፓርኩ ውስጥ ሊነግድ የሚገባ ድርጅት ደግሞ የእናንተን ፈቃድ ይዞ ነው የሚገባው። ዝም ስትሉ አብራችሁ የሸጣችሁ ያህል ነው።

ማካፑኡም እንዲሁ ነው። ሆኖሉሉ ያለችበት የኦአሁ ደሴት ምሥራቃዊ ጥግ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የተሠራው የመብራት ማማ ያለበት፣ አስፋልት የለበሰ ቀላል መንገድ። ለንጋት ከሱ የተሻለ ቦታ ኦአሁ ላይ ማግኘት ይከብዳል። የመኪና ማቆሚያችሁ በር የሚከፈተው ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። በጃንዋሪ እንኳ ፀሐይዋ ዘግይታ በምትወጣበት ጊዜ፣ በር ከፍቶ ማማው አጠገብ እስኪደረስ አልፋለች። ዓመቱን ሙሉ አይደረስባትም ማለት ነው። ምሥራቅን ለማየት የተሠራ የሚመስል መንገድ ይዛችሁ!

በሩ ሲዘጋ ሰው ተኝቶ የሚያረፍድ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ወደ ላኒካይ ይሄዳል። እዚያ ካይዋ የሚባለው ሸንተረር ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምሽጎች አሉ፤ ከላይ ሆኖ ሁለቱን የሞኩሉዋ ደሴቶች ማየት ይቻላል። ውበቱን አልክድም። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ አፈሩ ያንሸራትታል። መጸዳጃ የለም። መነሻው የሰው መኖሪያ ሰፈር ነው። ሌሊት 10 ተኩል ላይ የመኪና በር ጓ ሲል የሚነቃው የሰው ልጅ ነው። የሚወድቅም ይኖራል፤ ያኔ የእሳት አደጋ ሰዎች በሄሊኮፕተር መጥተው ያነሱታል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ያው የከተማው ነዋሪ ነው። የእጅ መደገፊያ፣ ደረጃ፣ መጸዳጃና ጠባቂ ያለውን ተራራ ቆልፎ ሰውን በጨለማ ወደሌለው መላክ ለእኔ አይገባኝም።

እንዴት ይሁን ብትሉ፣ መልሱ ማዊ ደሴት ላይ አለላችሁ። የሃሌያካላ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። እዚያም ለንጋት የሚጎርፈው መኪና መቆሚያ አጥቶ ችግር ሆኖ ነበር። ተራራውን ግን አልዘጉትም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በመኪና የሚገባ ሰው ቀድሞ ቦታ እንዲይዝ አደረጉ። የሚገባውም መኪና ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ከሆቴል ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጠው ሰው ሁሉ ተራውን አውቆ ነው የሚመጣው።

እናንተም የቦታ ማስያዣው አላችሁ። ከግንቦት 2022 ጀምሮ ከግዛቱ ውጭ የሚመጣ ሰው ሳያስይዝ ዳይመንድ ሄድ አይገባም፤ በሰው 5 ዶላር፣ ለመኪና ማቆሚያ 10 ዶላር ይከፍላል። የሃዋይ ነዋሪ በነፃ ይገባል። ይሄ ደግ ሥራ ነው፤ ተራራው ተንፍሷል። የምጠይቀው አዲስ ሥርዓት አይደለም። ያለውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ሳቡት ነው የምለው። በኤፕሪልና በኦክቶበር መካከል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ለጥቂት ቡድን፣ ፈቃድ ባለው አስጎብኚ ብቻ ይከፈት። የግል መኪና አይግባ፤ በሚኒባስ ይምጡ። ያኔ ነዋሪው በሞተር ድምፅ አይረበሽም። ከቦታው የተወሰነው ለነዋሪዎች ይቀመጥ፤ እነሱ በራሳቸው ተራራ ላይ እንግዳ መሆን የለባቸውም።

የጠባቂው የተጨማሪ ሰዓት ደሞዝ ከየት ይምጣ? ከእኛ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ግዛቱ የሆቴል አልጋ ግብሩን በ0.75 ከፍ አድርጎ 11 በመቶ አድርሶታል። ለተፈጥሮ ጥበቃ ነው ተብሏል፤ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገኝበታል ተብሎ ይጠበቃል። ጎብኚው ይክፈል፤ አልከፋኝም። ከዚያ ውስጥ የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት አበል አይጠፋም።

አሁን ወደ ቁርሱ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ከፀሐይዋ ይልቅ ያናደደኝ እሱ ነው።

ከተራራው ስንወርድ ካርቶን ተሰጠን። ከላዩ የአበባ ሥዕል አለበት። ከፈትኩት። በላስቲክ የታሸገ ክሩዋሳን፤ ላስቲኩ ላይ ካሊፎርኒያ ይላል። አንድ ሙዝ፤ ልጣጩ ላይ የተለጠፈችው ክብ ወረቀት ኢኳዶር ትላለች። በጣት የምትያዝ ቅቤ። እና ቡና። "የኮና ቅይጥ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቡና፤ ኮና በቡናው የታወቀ የሃዋይ አካባቢ ነው። እናቴ ጾም ላይ ናት። የሰኔን ጾም "የቄስ ጾም ነው" ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው፤ እሷ ግን ትይዛለች። መንገደኛ ነኝ ብላ ሰዓቱን ብታላላውም ቅቤና እንቁላል አትነካም። ሙዙን በላች። "የኢኳዶር ሰዎች እግዜር ይስጣቸው" አለች።

ሃዋይ ከምትበላው ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከውጭ እንደሚገባ የግዛቱ ሰነዶች ራሳቸው ሲያወሩ ኖረዋል። እና ድርጅቱም የተገኘውን ገዛ ይባል ይሆናል። ግን ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከተራራው ፊት ለፊት፣ የካፒዮላኒ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ የገበሬዎች ገበያ አለ። በእግር ይደረሳል። እናቴን ይዤ ሄድኩ።

ገበያውን ስታይ ፊቷ ተፈታ። አንዲት ሴትዮ የተቀቀለ ካሎ ትሸጣለች። እናቴ ጅማ ነው ያደገችው፤ ገና ስታየው "ጎደሬ! ይሄ ጎደሬ ነው እኮ!" ብላ ጮኸች። እውነትም ጎደሬ ነው። ሐምራዊ ጣል ጣል ያለበት፣ ገና እንፋሎቱ ያልበረደ። ሃዋዮች ካሎን እንደ ታላቅ ወንድማቸው ነው የሚያዩት፤ በአፈ ታሪካቸው ከሰው በፊት የተወለደው እሱ ነው። ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ ውሃ ጨምረው ፖይ ይሠሩበታል፤ መልኩ እንደ ቡላ ገንፎ ነው፣ ሲያድር ኮምጠጥ ይላል። እናቴ ፖዩን ቀምሳ ዝም አለች፤ ካሎውን ግን ጨረሰችው። ከዚያ ሎሚ የተጨመቀበት ፓፓያ። ሻጯ ሴትዮ እናቴን "አንቲ" (አክስቴ) እያለች ሌላ ቁራሽ መረቀችላት። እናቴ ቋንቋውን አታውቅም፤ በእጇ ደረቷን ነክታ አመሰገነች። የተባለው "የአካባቢው ቁርስ" ይሄ ነበር።

ለሚበላ ሰው ሌላም ሞልቷል። እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ለሸንኮራ እርሻ የመጡት ፖርቹጋሎች የተዉት ማላሳዳ አለ፤ ከዘይት እንደወጣ ስኳር ላይ የሚንከባለል። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሩ ያስለመደው የቆርቆሮ ሥጋ ከጃፓኖች ሩዝና የባሕር ቅጠል ጋር ተጠቅልሎ ሙሱቢ ሆኗል። ይሄን ሁሉ ይዞ ለእንግዳ የካሊፎርኒያ ክሩዋሳን ማቅረብ ነውር አይደለም?

ቡናው ላይ ደግሞ ዝም አልልም፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ። በሕጋችሁ "የኮና ቅይጥ" ለመባል 10 በመቶ የኮና ቡና ይበቃ ነበር። የቀረው ዘጠኝ እጅ ከየትም ይምጣ። በ2024 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 2027 ጀምሮ 51 በመቶ ይሁን ብሏል። የኮና ገበሬዎች ለዓመታት የታገሉበት ነው፤ እሰየው። እኛም ይሄን ትግል እናውቀዋለን። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ስም አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት ሆኖ ይመዝገብልን ብለን እ.ኤ.አ. በ2005 አመልክተን፣ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በስምምነት ያለቀው በ2007 ነው።

እንግዲህ ለቡና የሠራውን ለቁርስም አድርጉት። የአስጎብኚ ፈቃድ ስታድሱ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ "የአካባቢው ቁርስ" ብሎ የሚያስተዋውቅ ድርጅት፣ ካቀረበው ምግብ ቢያንስ ግማሹ ደሴቶቹ ላይ የበቀለ ወይም የተሠራ ይሁን፤ ደረሰኙንም ያሳይ። "ንጋት" ብሎ የሚሸጥም የዕለቱን የፀሐይ መውጫ ሰዓትና የበሩን መክፈቻ ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፍ። ይሄኛው አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል። ገዢው ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ ራሱ ይፈርዳል።

ማካፑኡን በተመለከተ ሌላ ነገር አልጠይቅም፤ በሩን በ11 ሰዓት ተኩል ክፈቱት።

እናቴ በጃንዋሪ ተመልሳ ልትመጣ አስባለች። ያኔ ፀሐይዋ ከ1 ሰዓት በኋላ ስለምትወጣ በ12ቱም በር እንደርሳለን፤ ቦታ ማስያዣችሁ 30 ቀን ሲቀረው ስለሚከፈት ያን ቀን ኮምፒውተሬ ላይ ነኝ። ለሚቀጥለው ሰኔ ለሚመጡት ግን ከአሁኑ ወስኑላቸው። መልሳችሁን ከእንግሊዝኛው ቅጂ ጋር ባያያዝኩት አድራሻ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ከላስ ቬጋስ፣ የእናቱ አስጎብኚ