ከአርባው በኋላስ ማን ያንኳኳል?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ስለ መበለቶችና ወላጅ አልባ ልጆች ስናወራ ሁሌ ያዕቆብ 1፥27ን ጠቅሰን አሜን ብለን እናልፋለን፣ እኔን ግን በጣም የሚነካኝ ሐዋርያት ሥራ 6 ነው። እዛ ጋ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ አይሁድ መበለቶቻቸው በየቀኑ ከሚታደለው ምግብ ተዘለሉ ብለው ሲያጉረመርሙ ሐዋርያቱ "እንፀልይላችኋለን" ብለው አልሸኟቸውም፣ እስጢፋኖስን ጨምሮ 7 ሰው አስመርጠው ለስራው መደቡ እኮ! ዘዳግም 24ም እንደዛው ነው፣ እርሻ ላይ የተረሳ ነዶ ካለ ተመልሰህ አትውሰደው፣ ለመጻተኛው፣ ወላጅ ለሌለውና ለመበለቷ ነው ይላል። ማለትም ገና ከአዝመራው ላይ ድርሻ አላቸው።

እኛ ጋስ? ጎረቤቴ ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፣ እንጀራው ወጡ ከየቤቱ ይመጣል፣ አርባው ካለፈ በኋላ ግን የቤት ኪራይና የልጆቹ ዩኒፎርም እሷ ላይ ብቻ ወደቀ፣ ከቤተክርስቲያንም የጠየቃት ሰው አላየሁም። በእርግጥ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 መጀመሪያ ዘመድ ይርዳ ይላል፣ ዘመድ የሌላትንስ? እባካችሁ አጥቢያዎች ለዚህ ስራ ሰው ይመድቡ፣ ከወር ገቢያቸውም ላይ በጀት ይያዝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ