ስለ ወረዳስ ማን ይጻፍ?

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ፌዴራሊዝሙ ይቅር አይቅር የሚለውን ክርክራችሁን እየተከታተልኩ ነው፣ ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ ክልልና ስለ አራት ኪሎ ነው፣ እኔ ደግሞ መንግስትን የማገኘው ወረዳ ነው፣ ስለ ወረዳ ትንፍሽ ያለ የለም።

የወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥነው ሚያዝያ 2005 ነው። 33 ፓርቲዎች አንወዳደርም ብለው ስለወጡ ብዙም የሚመረጥ አልነበረም (እውነቱን እንነጋገር ከተባለ)፣ ቢሆንም ካርድ ይዘን ተሰልፈናል። ያኔ አዝዬው የሄድኩት ልጅ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ ሰኔ 2013 ለፓርላማና ለከተማው ምክር ቤት መረጥን፣ የወረዳው ግን ወሬውም የለ። ህገ መንግስቱ እኮ አንቀጽ 50 ላይ ህዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ስልጣን ይሰጣል ነው የሚለው።

አምና ሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለው የዲች ክዳን ተሰብሮ አንዲት ጎረቤቴ ማታ ገብታበት እግሯ ተሰበረ፣ ወረዳ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ሰራተኛ ልጅ ትሁት ነው አልዋሽም፣ "እህቴ እኛም አይተነዋል ግን ከላይ አቅጣጫ አልወረደም" አለኝ። ለዲች ክዳን አቅጣጫ! ክፍለ ከተማ ስሄድ እነሱም ከማዕከል እየጠበቁ ነው፣ ሶስት ቀን ከስራ ቀርቼ ይሄንኑ ሰምቼ ተመለስኩ።

ኢህአዴግ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚላት ነገር ነበረችው፣ ከላይ የተወሰነውን ከታች ያለው ሳያጉረመርም ይፈጽማል። ስለዚህ በወረቀት ፌዴራል ሆነን በፓርቲው ሰንሰለት አሀዳዊ ነበርን፣ አሁን ግንባሩ ፈርሶ አንድ ወጥ ፓርቲ ሲሆን ሰንሰለቱ ይላላል ብዬ የጠበቅኩት እኔ ሞኟ ነኝ። የወረዳው ሰው ወንበሩን የሰጠው እኔ ካልሆንኩ ለምን እኔን ይፈራል? ክልል ቢጨመር ቢቀነስ፣ አሀዳዊ እንሁን ቢባልም፣ ለእኔ ሰፈር ያው አቅጣጫ ጠባቂ ነው የሚመደብልኝ።

ዲቹን በመጨረሻ እኛው ተዋጥተን ብረት አስበየድንበት። በሳምንቱ ከወረዳ መጥተው ፎቶ አነሱት፣ ለካ ሪፖርት ላይ "በህዝብ ተሳትፎ የተሰራ" ተብሎ ገብቷል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ