ከሕመም ፈቃድ ስንመለስ ሥራችን ይጠብቀን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሕመም ፈቃድ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው «ስንት ወር ይሰጣል? ስንት ይከፈላል?» የሚለው ነው። ፈቃዱ አልቆ ሠራተኛው ቢሮ በተመለሰ ጊዜ ስለሚገጥመው ነገር የሚያወራ ብዙም የለም። በተለይ ደግሞ የታመመው ሥራው ራሱ አዝሎት ከሆነ፣ በርንአውት የሚሉት ነገር ይዞት ከሆነ።

በአንድ የግል ባንክ አብራኝ የሠራች ልጅ ነበረች። ካሸር ናት። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ትውላለች፤ ማታ ሒሳቡ ካልገጠመ አትወጣም፤ የጎደለ ካለ ከኪሷ ነው። በዚያ ላይ ተቀማጭ አምጪ እየተባለች ቅዳሜና እሑድ የዘመድ አዝማድ ደጅ ስትጠና ትከርማለች። ቀስ በቀስ እንቅልፍ አጣች። ብር እየቆጠረች መሃል ላይ ቁጥሩ ይጠፋባት ጀመር። ሐኪም አያትና እረፍት ጻፈላት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ልጅቷ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ተመለሰች። ተሽሏት አይደለም። ደመወዙ ግማሽ ሲሆን የቤት ኪራዩ ግማሽ አይሆንም።

በተመለሰችበት ቀን ጠዋት ፓስወርዷ አልሠራም። መስኮቷ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ «ለጊዜው ሰነድ ክፍል ቁጭ በይ» አላት። ሰነድ ክፍል የሚሠራ ሥራ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ «ለሥራው አመቺነት ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ ከቤቷ ሦስት ታክሲ የሚያስይዝ ቅርንጫፍ። ማንም አላባረራትም። ራሷ መልቀቂያ ጻፈች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሕጉ ሠራተኛው ሲታመም የሚከፈለውን በወር በወር ከፋፍሎ አስቀምጧል። እንዴት እንደሚመለስ ግን ዝርዝር ነገር የለውም። ክፍተቱን የሚሞላው የአለቃ ፈቃድ ነው።

ሕጉ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራው ሂደት በሠራተኛው ጤና ላይ ጉዳት እንዳያደርስ እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል፤ ከዘረዘራቸው ጉዳቶች አንዱ ሥነ ልቦናዊ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 ደግሞ በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠቅሶ ደብዳቤ የጻፈ የሠራተኛ ማኅበር ግን እስካሁን አላየሁም።

ሌላው ችግር እፍረቱ ነው። እግሩ በጀሶ ታስሮ ለሚመጣ ባልደረባችን ተነስተን ወንበር እንስባለን። የአማኑኤል ሆስፒታል ማኅተም ያለበት ወረቀት ያመጣውን ግን በሹክሹክታ ነው የምንቀበለው። ስለዚህ ብዙ ሰው እውነተኛውን ወረቀት ደብቆ «ጨጓራ ነው» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በርንአውትን በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎችና የጤና ጉዳዮች ምደባ ውስጥ በወጉ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ብሎ መዝግቦታል። በሽታ ብሎ አልፈረጀውም፤ መነሻው ግን ሥራ ቦታው መሆኑን ተናግሯል። ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ሠራተኛ ታሞ ስድስት ሳምንት ሲሞላው የሥራ ጤና ሐኪም ሁኔታውን ይገመግማል። እስከ ስምንተኛው ሳምንት አሠሪና ሠራተኛ ቁጭ ብለው የመመለሻ ዕቅድ በጽሑፍ ያወጣሉ። «እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል ይኖራል። አንድ ገጽ ዕቅድ ለመጻፍ ግን ወረቀትና የአንድ ሰዓት ንግግር ይበቃል።

የኛ አገር መንገዱ የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ተደራድረው የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ነው። አዋጁ ከሚሰጠው የተሻለ ነገር እዚያ ላይ መጻፍ ይቻላል። ታሞ የተመለሰ ሠራተኛ በቦታውና በደመወዙ ይመለስ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትርፍ ሰዓትም የተቀማጭ ኮታም አይጫንበት። የሕክምና ወረቀቱን የሰው ኃይል ክፍሉ እንጂ ቅርንጫፉ በሙሉ አይየው። ያለ ፈቃዱ ለተወሰኑ ወራት አይዛወር። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ይህንኑ በመመሪያ ቢያወጣው ማኅበር ለሌላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ይደርስላቸዋል።

እስከዚያው ቤተሰቦች አንድ ነገር ይወቁ። ያለ ሕግ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። የዛለ ሰው ሦስቱን ወር ተኝቶ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ እህትም ትሁን ጓደኛ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ማኅበሩ ወይም ወደ ሕግ ባለሙያ ይሂድለት። መልቀቂያ ጻፍ የሚሉት ካሉ ደግሞ፣ ሰው ሳያማክር በዚያው ቀን አይፈርም።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ